የአምቡላንሱ ታኮ

አወቀ ከምሳ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው የአያ አድማሴን ጫማ ነው። ሁለቱም ጫማዎች ከአሮጌው አምቡላንስ ሥር ወጥተው ወደ ሰማይ አንጋጠዋል። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ሜካኒክ ቀኑን የሚውለው በጀርባው ተንጋሎ ነው። አወቀን ያስደነገጠው ማኪናው በቦታው አለመኖሩ ነበር። ሦስት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የበሩን ምሰሶ ተደግፏል። የፊት ጎማው ሰውየው ደረት ላይ ወጥቷል።

ነገሩ የሆነው በጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግቢው ወደ በሩ በሚያዘቀዝቅ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነው። አምቡላንሱ የጦር ሠራዊት ነበር። ዕድሜው ሲያልፍ በጨረታ ወጣና አቶ መለሰ የተባሉ የአምባ ጊዮርጊስ ነጋዴ ገዙት። ቁስለኛ ሲጭን የኖረ ማኪና ከእንግዲህ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ሊጭን ነው። ሜካኒኩ አድማሴና በያጁ አወቀ የኋላውን ቤት ሲፈቱና ሲቆርጡ ወራት አልፈዋቸዋል። በዚያ ጠዋት ደግሞ ሻፍቱን፣ ሞተሩን ከኋላ ጎማዎቹ የሚያገናኘውን ረጅም ብረት፣ አውርደውታል። ሻፍቱ ከወረደ ያን ማኪና ማርሽም የእጅ ፍሬንም አይዘውም፤ የሚይዘው ከኋላ ጎማዎቹ ሥር የሚገቡ ሁለት ድንጋዮች ብቻ ናቸው፤ ሹፌሮች ታኮ የሚሏቸው። ታኮ ማድረግ የአወቀ ሥራ ነበር።

ፖሊስ ሲደርስ ድንጋዮቹ ጎማው ሥር አልነበሩም። ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ዙህራ ዐብዱረሕማን ነበረች። ዘር ማንዘሯ በጎንደር ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነው፤ እሷም ከመቁረጧ በፊት ሁለቴ የመለካት ዐመል አላት።

«ታኮ አድርገህ ነበር?» አለችው አወቀን።

«አድርጌያለሁ» አለና ምላሱ ተያያዘ። «መሰለኝ።»

«መሰለኝ ማለት ምንድን ነው?»

«አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳደርገው የኖርሁት ነው። እጄ ራሱ ያደርገዋል፤ ልብ አልለውም። ዛሬ ደግሞ ቸኩዬ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ርቦኝ ነበር።»

ይህን ማለቱ ራሱን አሳፈረው። ያስተማረው ሰው ማኪና ሥር ሲሞት እሱ ማዶ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሽሮ ይጠቀልል ነበር።

አጠገባቸው የቆመው ሹፌሩ አስናቀው እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ይህን አምቡላንስ በጦሩ ውስጥ እያለ የነዳው እሱ ነው፤ አሁንም ለአቶ መለሰ ሊነዳ ተቀጥሯል። «ልጁ ረስቷቸዋል፤ ያው ግድግዳው ሥር ናቸው» አለ። «አትፍረዱበት፣ ኢንስፔክተር። ማንም ይረሳል።»

የሟች ሚስት ፋሲካ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። የባሏን ጫማ አየች፣ የአስናቀውን ቃል ሰማች፣ ወደ አወቀ ዞረች። እንባ አልነበራትም።

«ልጄ ነበር የሚልህ። ነገ ቀብሩ ላይ እንዳላይህ። ሳጥኑን እጅህ እንዳይነካው።»

አወቀ ሁለቱን እጆቹን ወደ ዙህራ ዘረጋ። «እሰሪኝ። የገደልሁት እኔ ነኝ።»

«ማሰሩ አይቸግርም» አለች ዙህራ። የተዘረጉትን እጆች ግን ይዛ ገለበጠቻቸው። ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ሥር ቀይ ነበሩ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የዝገት መከላከያ ቀለም ነው። ዛሬ ጠዋት ሻንሲውን ቀባሁት።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ቀለሙ አልተገዛም።»

ወደ ግድግዳው ሄዳ ድንጋዮቹ ፊት ቁጢጥ አለች። ብዙ ቆየች። የአንደኛው ጠርዝ ተፈንክቷል፤ ስብራቱ ገና አዲስ ነው። ቀና ሳትል «ሥራ ስትጨርሱ እነዚህን የት ነው የምታስቀምጧቸው?» አለች።

«የትም። ማን ያነሳቸዋል? ማኪናው ከተነሳ በኋላ በእግራችን እየመታናቸው እዚያው መሀል ግቢ ይከርማሉ።» አወቀ ይህን ብሎ ወደ ድንጋዮቹ ዞረ። የሆነ ነገር ሊታየው ጀምሮ ጠፋበት።

አቶ መለሰ በሩ ላይ በርጩማ አምጥተውላቸው ተቀምጠዋል። ከሟች ጋር ከትናንት በስቲያ መጨቃጨቃቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አልካዱም።

«ለመስቀል ይደርሳል ብሎኝ ለጥምቀት አደረሰው። ተቆጣሁ። ሰው በዚህ ይገደላል እንዴ? በምሳ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ፤ ለብቻዬ።»

«አሮጌ አምቡላንስ ምን አስገዛዎት? የተሻለ ጭነት ማኪና ሞልቶ የለ?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ልጄ ወልደ ዮሐንስ ወታደር ነበር። ቆስሎ የሞተ እዚህ ውስጥ ነው። አስናቀው ጭኖት ሲሄድ መንገድ ላይ አረፈ፤ እጁን ይዞት። እዚያው በክብር ቀበርሁት አለኝ። ልጄ የሞተበት ብረት ለሌላ ሰው እንዲሆን አልፈለግሁም። አስናቀውንም የቀጠርሁት ለዚሁ ነው። ዘመድ ማለት እሱ ነው።»

አስናቀው በበኩሉ በምሳ ሰዓት የጎማ ዋጋ ሊጠይቅ ወደ ፒያሳ ወጥቶ እንደነበር ተናገረ። ማን አየህ ሲባል የሚጠራው ሰው አልነበረውም።

አስከሬኑ ሊነሳ ሲል የፖሊስ ፒክአፕ በሩን ዘግቶ ተገኘ። ዳገቱ ላይ ነው የቆመው፤ እሱም ከኋላው ድንጋይ ተደርጎለታል።

«የኛ ሹፌር ሻይ ሊጠጣ ሄዷል» አለች ዙህራ። «አያ አስናቀው፣ እስቲ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉልን።»

አስናቀው ገብቶ አስነሳ፤ ማኪናውን ዳገቱን አውጥቶ ደልዳላ ቦታ ላይ አቆመው። ከዚያ ወርዶ ወደ ኋላ ተመለሰ። መንገዱ መሀል የቀረውን ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳና አጥሩ ሥር አስጠግቶ አስቀመጠው፤ እጁንም አራገፈ።

«ምነው ደከሙ?» አለች።

«ድንጋይ መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሹፌር የተረገመ ነው። ሊማሊሞን ስንወርድ በዚህ የተነሳ ስንት ማኪና ሲገለበጥ አይቻለሁ። የሰው ነፍስ ያጠፋል።»

ዙህራ አመሰገነችው። ከዚያም ወደ ፋሲካ ሄዳ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾከች።

በማግስቱ ጠዋት አራቱም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። አወቀ ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ አድሮ ነው የመጣው፤ ራሱ ልደር ብሎ። ፋሲካ አይኗን ወደ እሱ አላነሳችም።

«ከአወቀ እንጀምር» አለች ዙህራ። «ሰው ሁሉ ረሳ ብሎታል፤ እሱም አምኗል። ኑ ድንጋዮቹን እዩ። በሁለቱም ላይ ቀይ የጣት አሻራ አለ። ቀለሙ የተገዛ ትናንት ጠዋት ነው። እንግዲህ በቀይ እጁ ትናንት አንስቷቸዋል ማለት ነው። ከጎማ ሥር ካልሆነ የት ሊያስገባቸው ያነሳቸዋል?»

አወቀ የመሣሪያው ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ቀጥሎ ይህ ስብራት። ማኪና የተጫነው ድንጋይ በእጅ አይወጣም፤ በመዶሻ ተመትቶ ነው የወጣ። ስለዚህ ገዳይ አለን። ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ማኪናው ተንሸራተተ፣ ሰው ሞተ። ገዳዩ መሮጥ ሲገባው ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን አነሳና ግድግዳው ሥር ደረደራቸው። ለምን?»

«ልጁ ላይ ሊያላክክ ነዋ» አሉ አቶ መለሰ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን እዚህ ጋራዥ ድንጋይ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ አያውቅም። አወቀ ቢረሳቸው ኖሮ መሀል ግቢ ነበር የምናገኛቸው። ገዳዩ ይህን አያውቅም፤ አስቦም አላስቀመጣቸውም። እጁ ነው ያስቀመጣቸው። አወቀ ልብ ሳይል ታኮ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ልብ ሳይል ከመንገድ የሚያነሳ አንድ ሰው እዚህ አለ። ትናንት ሁላችሁም ፊት አደረገው።»

ሁሉም ወደ ሹፌሩ ዞሩ። አስናቀው የገዛ መዳፉን ያይ ነበር።

«ምክንያት የለኝም» አለ በቀስታ። «አድማሴ ወዳጄ ነው።»

«ፋሲካ፣ ትናንት የነገርሽኝን ንገሪያቸው።»

ፋሲካ ነጠላዋን አጠበቀች። «ትናንት ጠዋት ቁርሱን አልበላም። ‹ከአምቡላንሱ የግራ ግድግዳ ውስጥ ለአያ መለሰ የማይነገር ወረቀት አገኘሁ› አለኝ። ‹ባለጉዳዩ ራሱ ይናገር፤ ዛሬን እሰጠዋለሁ› አለ።»

«ወረቀቱ ግን ከሟች ኪስ አልተገኘም» አለች ዙህራ። «አወቀ፣ አያ አድማሴ የፈታውን ነገር የት ነበር የሚያስቀምጠው?»

አወቀ ለማሰብ እንኳ አልቆመም። «ከአንድ ቦታ የወጣ አንድ ጣሳ ውስጥ ነው። ሲገጠም እንዳይምታታ።» ተነስቶ መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት የወተት ጣሳዎች መካከል ‹ግራ ግድግዳ› የተጻፈበትን አወረደና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ብሎኖቹ ተንጫጩ። ከመሀላቸው አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህም ወረቀት ለዓመታት በቆርቆሮ መሀል ሾልኮ ተደብቆ፣ የያዘውን አልለቀቀም። ዙህራ አነበበችው። «የስምሪት ቅጽ። ጥር ሃያ ሁለት። ሹፌር አስር አለቃ አስናቀው። አስተያየት፦ ቁስለኛ ሳይጫን ባዶ ተመለሰ።»

«ጥር ሃያ ሁለት» አሉ አቶ መለሰ። «ልጄ የሞተበት ቀን ነው። ባዶ?»

አስናቀው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ተኩሱ ቀረበ። ልጆቹ መንገድ ዳር ተኝተው ይጠብቁኝ ነበር። አየኋቸው፤ ሳልቆም ማኪናውን አዞርሁ። እርስዎ ዘንድ ስመጣ እውነቱን ልናገር ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ግን እግሬን አጠቡኝ፣ ከልጅዎ አልጋ ላይ አስተኙኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልበል?»

«አድማሴንስ?» አለች ፋሲካ።

«ለመንሁት። ‹ከምሳ በኋላ ንገራቸው፣ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። የሚያናግረኝ ከማኪናው ሥር ሆኖ ነው፤ ፊቱን አላየሁትም። ፊቱን ባየው ኖሮ አላደርገውም ነበር። መዶሻው አጠገቤ ነበር።»

አቶ መለሰ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። ይመቱታል ብሎ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ጠጋ አለ። እሳቸው ግን አስናቀው ፊት ጎንበስ አሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ልጄ ሲጠራህ ሰምተኸዋል?»

«ሰምቼዋለሁ» አለ አስናቀው። «በስሜ ነው የጠራኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ዘወር አሉ። ፖሊሶቹ አስናቀውን ይዘውት ወጡ። ዙህራ ወረቀቱን አጣጥፋ ተከተለች።

አወቀ ከሣጥኑ ላይ አልተነሳም። ነጻ ነህ የተባለ ሰው ደስ ይለዋል ብሎ ያስብ ነበር፤ እንደዚያ አልሆነም። ፋሲካ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ምሳ ባልሄድ ኖሮ...» አለ።

«ሂድ ብላ ያለህ እሱ አይደለም ወይ?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያ ተወው። ትናንት የተናገርሁህ አፌን ያቃጥለኛል፤ አንተም ይቅር በለኝ።» ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ፤ ከሞቱ ወዲህ ገና አሁን ማልቀሷ ነበር። «ተነስ። ልጅ አልወለድንም። ሳጥኑን ከፊት የሚይዝለት ሰው የለውም።»