የታጠበ እግር

ካህኑ አባ ሴልሶ የሊጋያን አባት ቀኝ እግር ከሳፋው አንስተው በፎጣ አደረቁና ጎንበስ ብለው ሳሙት። ሊጋያ ከመዘምራኑ ጎን ቆማ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ።

«የአባትሽ ተረከዝ እንዴት ያበራል ባክሽ» አለቻት ጓደኛዋ ሮዌና በሹክሹክታ። «የሕፃን እግር እኮ ነው የሚመስለው።»

«ማን የፈተገው ይመስልሻል?»

በዚህች የሚንዶሮ ደሴት መንደር በጸሎተ ሐሙስ ከአስራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ ሆኖ መመረጥ ትልቅ ክብር ነው። ወንዶቹ ታዲያ ለካህን እግራቸውን የሚሰጡት ቤታቸው በደንብ ካስፈተጉት በኋላ ነው። የሩዝ ማሳ ጭቃ ይዞ መንበር ፊት መቀመጥ ያሳፍራል። ጠዋት ሊጋያ የአባቷን የኮርኔሊዮን ተረከዝ በድንጋይ ስትፈትግ አያቷ ከውስጥ ሁለቴ ተጣርተዋል። አንሶላቸው ረጥቦ ነበር። ልትነሳ ስትል አባቷ «እሷ ትጠብቃለች፣ ግራውን ጨርሺ» አላት። እሷ የሚላት የገዛ እናቱን ነው።

አያቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ስምንት ወር ሆኗል። የሊጋያ እናት ለቤት ሠራተኝነት ሆንግ ኮንግ ከሄደች ወዲህ የምታገላብጣቸው፣ የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው ሊጋያ ናት። አባቷ በር ላይ ቆሞ «እንዴት አደርሽ» ይላል፣ ይሄዳል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ኮርኔሊዮ እናቱን እንዴት አድርጎ እንደያዘ አውርቶ አይጠግብም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። ሊጋያ ሙገሳውን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ዛሬ ከምእመናን ጸሎት አንዱን የምታነበው እሷ ነበረች። ሦስት ሳምንት ተለማምዳለች። አያቷን ማን ጋ ልተዋቸው ብላ ስትጨነቅ፣ አባቷ ጎረቤታቸው እትዬ ፔርላ አብራቸው እንደምትቆይና ተነጋግረው እንደጨረሱ ነገራት። አምናው መጣች።

ተራዋ ሲደርስ ወደ አትሮንሱ ወጣች፣ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ቀና አለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እትዬ ፔርላ ማራገቢያዋን እያወዛወዘች ተቀምጣለች።

አያቷ ብቻቸውን ናቸው ማለት ነው። ባለፈው ወር ውሃ ለመጠጣት ሲንጠራሩ ከአልጋ ወድቀው ነበር። ሊጋያ ወረቀቱን አየች፦ «ያረጁ ወላጆቻቸውን በፍቅር ለሚጦሩ ልጆች፣ ጌታ ብርታት እንዲሰጣቸው።» ከዚያ አባቷን አየችው። እሱም ማንን አይታ እንደደነገጠች ገብቶታል። አንዴ አቀረቀረ፣ ከዚያ አንብቢ ብሎ በአገጩ አመለከታት።

ያ አገጭ አሳረራት። ይህን ካነበበች ውሸቱን ጸሎት ልታደርግለት ነው። ከአትሮንሱ ወርዳ አባቷ ወንበር ድረስ ሄደች።

«እትዬ ፔርላ እዚህ ናት» አለችው በቀስታ።

«ለአንድ ሰዓት ምን ትሆናለች ብዬ ነው። አሁን ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ሂጂና አንብቢ።»

«ይሄ ጸሎት ያንተ ነው አባዬ። አንተው አንብበው። እኔ አያቴ ጋ ልሂድ።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለትና በመሃል መተላለፊያው ወጣች። አንዲት ሴትዮ ይህች ልጅ ምን ነካት ስትል ሰማች።

በደወሉ ማማ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቅዳሴውን እስከ መንገዱ ያሰማል። አባ ሴልሶ «ኮርኔሊዮ፣ እየጠበቅንህ ነው» ሲሉ ተሰማ። በኋላ ወንበር ተንቋቋ፣ አባቷም ጉሮሮውን ጠረገ።

ሊጋያ የሚያነበውን ለመስማት አልቆመችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቤት ሮጠች።