ያወረደውን ማን አነሳለት?

አሰልጣኙ ጂሙ ውስጥ አግዳሚው ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቷል፤ ከባዱ ብረት አንገቱ ላይ አርፏል። ጂሙ ገና ለደንበኛ አልተከፈተም ነበር። ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው የሟች እህት፣ አንድ እጁ በጀሶ የታሰረው የጂሙ ባለቤት፣ በጉልበቱ «ክሬን» የተባለው ክብደት አንሺ።

መርማሪዋ ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ ባለቤቱ ፍርዱን ሰጠ።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ጉራው ነው የገደለው። ከአቅሙ በላይ ጭኖ፣ ብቻውን...»

«አፍዎን ይዝጉ!» ብላ ጮኸች እህቱ። «ወንድሜ ጉራ አያውቅም። ልጆቹን ‹አባታችሁን ጉራው ገደለው› ልበላቸው?»

ይህ የመርማሪዋን አንጀት በላው። አለቃዋም በስልክ «አደጋ ነው፣ ቶሎ ዝጊው» ብሏታል። ሬሳው ሳይነሳ ሟችን የሚወቅስ ሰው ደግሞ ደሟን ያፈላዋል። እህትየዋን ይዛ ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው መቀበያ ወጣች።

«ወንድምሽ ይህን ያህል ክብደት ማንሳት ይችላል?»

«አይችልም። ከሚያነሳው ሃያ ኪሎ ይበልጣል።»

«ጠዋት ምን ሰማሽ?»

«ከደንበኛ ጋር ስልክ ላይ ነበርኩ። ሲቆጥር ሰማሁት። ብረት ሲያወርድ ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ አራት... ሦስት... ሁለት... አንድ። ‹ማንሳቱንማ ማንም ያነሳል፣ ጡንቻ የሚያወጣው ማውረዱ ነው› ይላል። ‹ብረቱን እሹሩሩ እያልከው ነው› እያልን እንስቅበት ነበር።» እንባዋ ቀደማት። «እንዲህ ከአራት እስከ አንድ ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ቀላሉን ብረት የያዘ መስሎኝ... ዝም ሲልም እያረፈ መስሎኝ...»

«ኳኳታስ ነበር?»

«የሱ ብረት አይንኳኳም። የሚያንኳኳ ሰው ካየማ ይቆጣል።»

ክሬንን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቦርሳውን እየሸከፈ አገኘችው።

«እዚሁ ነበርኩ» አላት። «ብረቱን ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ኳኳታው ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። ምስኪን!»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ እኔ እንደ አባቴ ነው የማየው!»

በሩ ላይ የቆመው ባለቤት መሬት መሬት ማየት ጀመረ። መርማሪዋ አፈጠጠችበት።

«እርስዎ የሚያውቁትን ይናገሩ።»

«ክሬን ጡንቻ የሚያፋፋ መርፌ ሲወጋ ሟቹ ይዞታል» አለ ባለቤቱ። «ከመጪው ውድድር ሊያስወጣው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ደበቁኝ?»

«የክሬን ፎቶ በራችን ላይ ተሰቅሏል... የቤቱ ስም...»

«ስም!» አለች፤ ድምጿ ክፍሉን ሞላው። «የሟቹን ስም ግን በጠዋቱ ጭቃ ቀቡት።»

ወጥታ ከእህትየዋ ጋር ስልክ ላይ ለነበረው ደንበኛ ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም በአንሶላ ወደተሸፈነው ሬሳ ጠራቻቸው።

«ሟች ይህን ብረት ማንሳት አይችልም» አለች። «ቀስ ብሎ ማውረድ ግን ይችላል፤ ሰው ከሚያነሳው በላይ ማውረድ ይችላልና። ይህን ልምምድ የሚሠራ ሰው ከራስጌው ረዳት ያቆማል። ረዳቱ ያነሳለታል፣ እሱ ያወርዳል። የመጀመሪያውን ብቻውን ከመደገፊያው አውጥቶ አወረደው እንበል። ግን ሦስት ጊዜ ቆጥሯል። ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው ማን አነሳለት?»

ባለቤቱ የታሰረ እጁን አየ።

«እርስዎ በአንድ እጅ አይችሉም። እህቱ ከስልኩ አልተለየችም፤ ደንበኛው ቆጠራውን ሳይቀር በስልኩ ሰምቷል። ኳኳታ የሚባል ግን አልሰማም።» ወደ ክሬን ዞረች። «ብረት ቶሎ ቶሎ እያነሳ የሚያንኳኳው ማነው?»

«እሱ ነው» አለች እህትየዋ። «ወንድሜ በየቀኑ ይቆጣው ነበር።»

«ውሸት ስትፈጥር የራስህን አሠራር ነገርከኝ» አለችው መርማሪዋ።

የክሬን ግንባር በላብ ተጠመቀ።

«ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሮት በሹክሹክታ ‹አንሳልኝ› አለኝ። እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ። ሲታገል ብረቱ ወደ አንገቱ ተንሸራተተ... የስንት ዓመት ልፋቴን ገደል ሊከትብኝ ነበር እኮ! ግን አልነካሁትም! እጄ የለበትም!»

እህትየዋ በጩኸት ተወረወረችበት፤ ባለቤቱ በደህና እጁ ያዛት።

«ልክ ነህ» አለች መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ። «እጅህ አልነበረበትም። የገደልከውም እጅህን አንስተህ ነው።»

ካቴናው ለወፍራም አንጓው ጠበበ፤ እሷም ሳትራራ ቆለፈችው።