የአባት ድርሻ

«አይጎ፣ አይጎ…» እያለች አለቀሰች ዳንሺል፣ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፍታ።

እናቷ ከጎኗ እንደተንበረከከች በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ጠበቅ አድርጊው እንጂ» አለች በሹክሹክታ። «ዶሮ የጠፋባት ትመስያለሽ።»

ዳንሺል ጠበቅ አደረገችው። ከነጩ መጋረጃ ፊት በተቀመጠችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የአባቷ ስም የተጻፈበት እንጨት ቆሟል። ከእንጨቱ ፊት አንድ ሳህን ሩዝ አለ፤ በሩዙ መሃል ማንኪያ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። ማንኪያ እንዲህ የሚተከለው ለሞተ ሰው ብቻ ነው። በሩ ላይ ጎረቤቶች ቆመዋል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ኮፍያውን ሳያወልቅ የቆመው ቾ ነበር፤ ለጃፓን ፖሊሶች ወሬ የሚለቅመው ቾ። በየወሩ መባቻና አጋማሽ ልቅሶው ሲደርስ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። አያለቅስም፤ የሚያለቅሱትን ያያል።

አባቷ አልሞተም። ይህን በመንደሩ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም በዚያች ሰዓት ወለሉ ላይ ተደፍተው አይጎ ይላሉ።

ጃፓን ኮሪያን ከያዘች አሥር ዓመት አልፏል። አገር ጥሎ ከድንበሩ፣ ከቱመን ወንዝ ማዶ የሰፈረው ሰው ሁሉ «ነፃነት» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የዳንሺል አባት ግን ጠመንጃ አንስቶ ጫካ ገባ። ባለፈው መኸር ተዋጊዎቹ የጃፓንን ጦር በጫካው ውስጥ መትተው ወደ ሰሜን ሲያፈገፍጉ አብሯቸው ነበር። ጦሩ ብስጭቱን የተወጣው በመንደሮቹ ላይ ነው። የተዋጊ ቤት የተባለ ሁሉ ጎተራው ነደደ፤ ወንዱ ተረሸነ።

ከዚያ አንድ መርፌ ሻጭ ከእሱ መልእክት ይዞ መጣና «ደህና ነው። እናንተ ግን ሞቷል በሉ» ብሏቸው ሄደ። በማግሥቱ የዳንሺል እናት ፀጉሯን በትና ደጅ ወጥታ ጮኸች። ባሌን መንገድ ላይ ታይፈስ ገደለብኝ አለች። ልብሱን በሳጥን አድርገው ቀበሩት። የሞተን ሰው የሚያሳድድ ፖሊስ የለም፤ የሞተ ሰው ቤትም አይቃጠልም።

ዳንሺል ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻካራ የቃጫ ልብስ ትለብሳለች፤ በሹሩባዋ ጫፍም ነጭ ጨርቅ ታስራለች። ትምህርት ቤት ልጆቹ እሷ ስትጠጋ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። አንድ ቀን መምህሩ በረዶው ላይ አንሸራቷቸው በቂጣቸው ሲቀመጡ ሳቋ አመለጣት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ከጓሮው አጥር ጋር ብቻዋን መቆም ለመደች።

የማትርቃት ኦክቡን ብቻ ነበረች። የኦክቡን አባት በእውነት ሞቷል፤ ጎተራው ደጃፍ ላይ ነው የተረሸነው። «አንቺና እኔ አንድ ነን» ትላለች፤ ክንዷን በዳንሺል ክንድ አቆላልፋ። ደግ ልጅ ነች። ችግሯ፣ ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። አጎቷ ለፖሊስ ጣቢያው እንጨት ይፈልጣል፤ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጣ የዋለችበትን ሁሉ ስትተርክለት ነው የምታመሸው።

የዚያን ቀን ልቅሶው አልቆ ሰው ተበተነ። ዳንሺልና እናቷ ከጠረጴዛዋ ያወረዱትን ሩዝ በሉ። እናቷ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ብዙም ሳይቆይ ኦክቡን እፍ እፍ እያለች ገባች።

«ጣቶቼን እዚያው መንገድ ላይ ትቻቸው መጣሁ» አለች፤ ጫማዋን አውልቃ ከሥሩ በምድጃው እሳት ወደሚሞቀው የወለሉ ጥግ ሮጠች። እዚያ የተነጠፈውን ብርድ ልብስ ገልጣ እግሯን አስገባች። ወዲያው መልሳ አወጣችው።

«ምንድነው የሚፈጀው?»

ዳንሺል ልትይዛት ተነሣች። አልደረሰችም። ኦክቡን በጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር ጎትታ ፈታችው። ባለ ክዳን የናስ ሳህን ነበር።

ለምን እንደሆነ እንዲነገራት አላስፈለገም። ባል መንገድ ሲወጣ ሚስት ድርሻውን በሳህኑ አድርጋ ሙቅ ቦታ ትሸፍነዋለች፤ ያለበት እንዳይራብ። ካልመጣ ቤተሰቡ ይበላዋል፤ በሚቀጥለው ምግብ ሌላ ይሸፈንለታል። የዳንሺል እናት ይህን አንድም ቀን አላቋረጠችም። ዳንሺል «ሰው ያያል» ብላ ለምናት ነበር። «እኔ እኮ አይደለሁም፣ እጄ ነው» ነበር መልሷ።

ኦክቡን ሳህኑን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ዳንሺልን አየች።

«ይሄ የማነው?»

ዳንሺል ሳህኑን መልሳ ልትጠቀልለው ጨርቁን አነሣች።

«አትሸውጂኝ። አባዬ ከሞተ ወዲህ እናቴ አንድም ቀን እንዲህ አላደረገችም። ለማን ታድርግ?» ድምጿ ቀጠነ። «ለኔ ብትነግሪኝ ምናለበት? እኔ ብሆን እነግርሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ዳንሺል። የፈራችውም ይህንኑ ነበር።

ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፦ አለ። አንዲት ቃል ናት፤ ብትወጣ ከዚያ በኋላ የሚያውቅላት አንድ ሰው ይኖራል። አጥሩ ጋ ብቻዋን አትቆምም። ኦክቡን ወይ ታቅፋታለች ወይ ትቆጣታለች። ከዚያ ማታ ይሆናል፣ አጎቷም ምድጃው ዳር ይቀመጣል። ክፋት አይኖራትም። ያመልጣታል እንጂ።

«የኔ ነው» አለች። «ጠዋት ሆዴን አሞኝ ሳልበላ ቀርቼ ነው።»

«በአባትሽ ሳህን?»

«የኔው ተሰነጠቀ።»

ማንኪያ አንሥታ ክዳኑን ከፈተች። እናቷ ማሽላውን ለራሷ እያስቀረች ነጭ ነጩን መርጣ፣ ለወንድ እንደሚደረገው ጠቅጥቃ ሞልታዋለች። ዳንሺል ጎረሰች። ጠግባለች። ደግሞ ጎረሰች። ከዚያ በሰሜን በኩል፣ በበረዶው ውስጥ፣ አባቷ ባዶ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ታያት። ሦስተኛውን ስትጎርስ እንባዋ ወረደ።

«ቀስ በይ፣ የሚቀማሽ የለም» አለች ኦክቡን። ጠጋ ብላም በእጅጌዋ ጉንጯን ጠረገችላት። «እኔ እኮ… ለአፍታ ቀናሁብሽ። ክፉ ነኝ፣ አይደል?»

ዳንሺል አፏ ሙሉ ነበር። አይደለሽም በሚል ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ሳህኑ እስኪጠረግ ኦክቡን አጠገቧ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ «ነገ አብረን እንሂድ፣ ደጅ ቁሚልኝ» ብላ ወጣች።

እናቷ እንስራዋን ይዛ ስትመለስ ዳንሺል ባዶውን ሳህን ታቅፋ አገኘቻት።

«ኦክቡን መጥታ አገኘችው።»

እናቷ እንስራውን አወረደች። «ነገርሻት?»

«በላሁት።»

ሲመሻሽ እናቷ ምድጃውን አቀጣጠለች፤ ድስቱ ሲበስል ክዳኑን አንሥታ ጭልፋውን ያዘች። ሌላው እጇ የናሱን ሳህን ከዳንሺል አጠገብ ሳበው።

«እማዬ፣ ተይው።»

«አንድ ማንኪያ ብቻ።»

«አንድም ቢሆን። ከዛሬ ጀምሮ አይኑር።»

እናቷ ከድስቱ እንፋሎት በላይ እጇን እንዳንጠለጠለች ቀረች። የሐሰት ልቅሶዋን ስታለቅስ ያልታየ እውነተኛ ሐዘን ያኔ ፊቷ ላይ ታየ።

«ታዲያ እሱ ምን ይበላል?»

ዳንሺል ጭልፋውን ከእናቷ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደችና ለሁለት ሰው ብቻ አቀረበች።