ሳጥን ውስጥ የቀረው መታወቂያ

ዘርትሁን የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሴቶች በር ፈታሽ ናት። ባለጉዳይ ስትገባ ቦርሳዋን ከፍታ ታያለች፣ ወገቧን ትዳብሳለች፣ መታወቂያዋን ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጥና የእንግዳ ባጅ ትሰጣታለች፤ ስትወጣ ደግሞ መታወቂያዋን ትመልስላታለች። የማታ ትምህርት ከጀመረች ገና አራት ወሯ ስለሆነ ስም ማንበብ ጊዜ ይፈጅባታል፤ የምትመልሰው ፎቶውን ከፊታቸው ጋር እያስተያየች ነው። ሳጥኑ ባዶ ሳይሆን ፈታሽ ከግቢ አትወጣም።

ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ መታወቂያ ቀረ።

ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ቤታቸው የሰባት ዓመት ልጇ ኤልዳና፣ ከእናቷ በቀር ለማንም እንዳትከፍት ተነግሯት፣ ብቻዋን ተቀምጣለች። የመታወቂያው ባለቤት ትዝ አለቻት። ጠዋት ስትፈትሻት፣ ልብሷ ውስጡ ሰው የሌለበት ይመስል እጇ ሰርጎ ገብቶ፣ ዝናብ የመታው አሮጌ ወረቀት ሸትቷት ነበር።

"ልጅ አለሽ?" ብላ ነበር ሴትዮዋ።

"አንዲት ሴት።"

"ታድለሽ! የሚጠብቅሽ አለ።"

ዘርትሁን መታወቂያውን ይዛ ደረጃውን ወጣች። "እህቴ! ሰዓት አልቋል!" ብትል የሚመልስላት የራሷ ድምፅ ብቻ ነበር። ቢሮዎቹ ተቆልፈዋል፤ በጨለመው ኮሪደር ያ የወረቀት ሽታ በየፎቁ እየከበደ መጣ፤ ከበላይዋ ደግሞ የሰው ኮቴ ስትራመድ እየተራመደ፣ ስትቆም እየቆመ ይሰማታል። ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ኮቴው በወዲያኛው ደረጃ ወደ ታች ሮጠ።

መስኮቱ ዘንድ ቆማ መታወቂያውን አየችው። ጠዋት የሌላ ሴት ፊት የነበረበት ፎቶ አሁን የእሷው ፊት ነው። ከሥሩ ያለውን ስም በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ አነበበችው። የእሷ ስም አልነበረም።

እየተደናቀፈች ወረደች። ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ ዋናውን በር ሊቆልፉ ሰንሰለቱን ይዘዋል።

"ምነው እመቤት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው? እኛም እኮ ቤት አለን!"

"ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ፤ እኔ ነኝ፣ ዘርትሁን።"

ሽማግሌው መታወቂያውን ከእጇ ወስደው ከፊቷ ጋር አስተያዩና መለሱላት።

"ዘርትሁንማ 'ልጄ ብቻዋን ናት' ብላ አሁን ስትሮጥ ወጣች። በይ ውጪ፣ በሩን ልዝጋ።"

እየሮጠች ወደ ቤት ደወለች።

"ኤልዱ! የኔ ልጅ! በሩን እንዳትከፍቺ!"

ልጅቷ ከስልኩ አፍ ራቅ ብላ፣ "እማዬ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ናት" ስትል ተሰማ፤ የዘርትሁን የራሷ ድምፅም ቀስ ብሎ፣ "ዝጊው የኔ ዓለም፣ ተሳስታ ነው" አላት።