የአባዬ ቃል አቀባይ

«ምን አለ?» አለች ተለማማጇ ሹፌር፣ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ። ዳቦ ቤት ያላት ጠና ያለች ሴት ናት።

«ወደ ቀኝ ይታጠፉ ነው የሚለው» አለች ልጅቷ ከኋላ መቀመጫ።

አጠገቧ የተቀመጡት የመኪና መንዳት ትምህርት ቤቱ ባለቤት ከንፈራቸውን መጠጡ።

ከፊት፣ ከተለማማጇ ጎን የተቀመጠው አስተማሪ የልጅቷ አባት ነው። ከስድስት ወር በፊት የአፍ ካንሰር ተገኝቶበት የታችኛው መንጋጋው እኩሌታ ወጣ። ሐኪሞቹ ከባቱ ቀጭኑን አጥንት ከነደም ሥሩ ወስደው፣ በመንጋጋ ልክ ቅርጽ ሰጥተው በብሎን አሰሩለት፤ አጥንቱም ደም ሲያገኝ ነፍስ ዘራ። አባቷ ለቀልድ አያንስም። መናገር እንደጀመረ «ከእንግዲህ ወሬዬ ቢረዝም አትፍረዱብኝ፣ በእግሩ ነው የሚሄደው» አለ። ቀልዱ የገባት ግን ልጁ ብቻ ነበረች። ከንፈሩ ስለደነዘዘ ግማሹ ቃል ተድበስብሶ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ አፉ ሆነች። ለጎረቤቱም ለነርሷም የምትመልሰው እሷ ናት። የክፍሏ ልጆች «ቃል አቀባይዋ» አሏት፤ እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ይላት ነበር።

ዛሬ ፈተና ላይ ያለው አባቷ ነው። ተለማማጇ ካልተረዳችው ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው መኪና መንዳት ላስተማረ፣ ያ የቁም ሞት ነው።

አባቷ አሁንም አንድ ነገር አለ። ተለማማጇ እሱን አላየችም፤ በመስታወቱ ልጅቷን ፈለገች። ባለቤቱም ወደ እሷ ዞሩ። እሷ እዚህ ተቀምጣ እያለ አባቷን ማን ሊያዳምጠው?

«እዚህ ጋ አውርዱኝ» አለች።

«ኧረ ልጄ፣ ጉድ ልታደርጊኝ ነው?» አለች ተለማማጇ። አባቷ ግን ዞር ብሎ ልጁን አያትና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ወረደች።

በእግሯ ወደ መንዳት ትምህርት ቤቱ ተመልሳ በሩ ላይ ጥፍሯን እየበላች ጠበቀች። ቢጋጩስ? መዝገብ ቤት ቢወረውሩትስ? ያኔ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእሷ ነው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መኪናዋ ግቢ ገብታ በሁለት አሮጌ ጎማዎች መሃል ወደ ኋላ መግባት ጀመረች። በመስኮቱ የአባቷ ድምፅ ተሰማ፦ «ቀስ። ቀስ። ቀኝ። ያዢ!» «ፍሬን» አላለም፤ እንቢ ያለውን ቃል ትቶ ከንፈር የማይፈልግ ቃል መርጧል። መኪናዋ ጎማውን ሳትነካ ቀጥ አለች። ተለማማጇ መሪውን ለቃ አጨበጨበች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቢ ያላት ነገር ነበር።

ባለቤቱ ከአባቷ ጋር እየሳቁ ወረዱና፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ልጅቷን ጠየቁ። «ከነገ ጀምሮ ስንት ሰዓት ይመቸዋል?»

መልሱን ታውቀዋለች። የሐኪም ቀጠሮውንም የመድኃኒቱንም ሰዓት በቃሏ ይዛዋለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አጠገብዎ ነው ያለው» አለች። «እሱን ይጠይቁት።»

ባለቤቱ አፈር አሉና ወደ አባቷ ዞሩ። አባቷ አልቸኮለም። የአገጩን ምራቅ በመሐረብ ጠርጎ መናገር ጀመረ፤ ባለቤቱም ጎንበስ ብለው አዳመጡት። ልጅቷን ደስታው መሬት አላስረግጣት አለ። ቦርሳዋን አንግታ፣ ምን እንደሚል ለመስማት ሳትቆም፣ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።