አፈሙዙ ላይ የቀረ እጅ

ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተንጋሎ ነበር፤ የጨርቅ ጓንቱን እንዳጠለቀ። በቤቱ ጓሮ የአዳኞችን ጠመንጃ እየጠገነ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነበር። ጧት በመዶሻ ተመትቶ ሲሞት ሚስቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ልብስ ታጥብ ነበር፤ ለምሳ ልትጠራው ስትገባ አገኘችው።

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ የሟቹ ታላቅ ወንድም በሩን ዘግቶ ቆሟል። የአዳኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ጣቱ ላይ ወፍራም ቀለበት አለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ዓይነት ሰው መሆኑን ለማወቅ አልዘገየችም።

«ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት» አለ። «ይያዙልኝ። ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ።»

ሚስቲቱ ሁለቱን ልጆቿን ወደ ራሷ ሳበች። መርማሪዋ ሰውየውን አልፋ ገባች።

ከጠረጴዛው አጠገብ ካለው እርጥብ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የጠመንጃ አፈሙዝ በሽቦ ተንጠልጥሏል። መላው ቀይ ዝገት ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ግን አራት ነጣ ያሉ ምልክቶች አሉ፤ አንደኛውን ቀይ የዝገት መስመር አቋርጦታል። የሟቹን የሥራ ሸሪክ ጠራችው።

«ብረቱን የምናጠቁረው በዝገት ነው» አለ ሸሪኩ። «ቅባቱን እናስለቅቃለን፣ ማዝገቢያውን ቀብተን እርጥበት ውስጥ እንሰቅለዋለን። ሲዝግ እንቀቅለዋለን፤ ቀዩ ይጠቁራል። ፈግፍገን እንደገና እንቀባለን። ስድስት ሰባት ጊዜ።»

«ይህ ነጭ ነገርስ?»

ሸሪኩ ጎንበስ ብሎ አየ። «የሰው እጅ ነው። ወዝ ያረፈበት በደንብ አይዝግም። ሽቦውም ተጣሟል፤ ወድቆ ነበር ማለት ነው። የሚሰቀለው ዛሬ ጧት ነበር፤ ሟቹ ደግሞ ብረት በባዶ እጁ ነክቶ አያውቅም።»

ወንድምየውን ጠየቀችው። «ይህን ሥራ ያውቁታል?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት! ባለፈው የማኅበሩ ትርዒት የተሸለመው ጠመንጃ የእኔ እጅ ሥራ ነው።»

«ዛሬ እዚህ ገብተው ነበር?»

«ከገባሁ ዓመት ሆኖኛል።»

ሚስቲቱ ግን ሌላ ነገረቻት። «የተሸለመው የባለቤቴ ሥራ ነው። ‹ጋሼ ራሱ ይንገራቸው፤ አለዚያ ነገ ማኅበሩ ሄጄ እኔ እናገራለሁ› ብሎ ትናንት ልኮበት ነበር።»

ሬሳው እንደተነሣ መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ሸሪኩ ያዘጋጃቸው ሦስት ብረቶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ቅባታቸው ወጥቷል፤ ሊዝጉ ተዘጋጅተዋል» አለች። «አንድ አንድ አንሡልኝ።»

ሸሪኩ ጓንት አጠለቀ። ሚስቲቱ በሻሿ ጫፍ ይዛ አነሣች። ሊቀ መንበሩ መዳፉን ዘርግቶ ጨበጠና በአውራ ጣቱ ያሻሸው ጀመር፤ ባለሙያ መምሰሉ ነው።

መርማሪዋ በንቀት አየችው። «ሟቹ ሲመታ አፈሙዙ ወደቀ። ገዳዩ ግብግብ የነበረ እንዳይመስል አንሥቶ ሰቀለው። ሙያውን የሚያውቅ በባዶ እጁ አይነካውም፤ ይኸው ሁለቱ አልነኩም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ጌታዬ። በዚያ ላይ አንደኛው ጣት ከመሐሉ ዝጓል፤ ከብረቱ ላይ ያረፈው ወዛም ቆዳ ሳይሆን ሰፊ ቀለበት ስለነበረ ነው። ይህች ሴት ጣቷ ባዶ ነው፤ የሸሪኩም እንደዚያው።»

ሰውየው እጁን ኪሱ ከተተ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስለ ሽልማቱ... ማኅበሩ የግድ መስማት አለበት?» አላት።

ስለ ወንድሙ አንድ ቃል አልወጣውም።

ሚስቲቱ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ዞራ አየችው።

«አንተ» አለችው፤ አፈሙዙ ላይ ያሉትን ነጫጭ ጣቶች እያሳየች። «በዕድሜህ የሠራኸው የእጅ ሥራ ይኸው ነው። ይህን ውሰድና ይሸልሙህ።»