የጣሪያው መስታወት እስኪገኝ

ጥይቷ ከየት እንደመጣች ማንም አላወቀም። አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከወዲያኛው ኮረብታ ሰርግ አለ፤ ሰርግ ካለ ደግሞ ሽጉጡን ወደ ሰማይ የሚያንጣጣ የሙሽራ አጎት አይጠፋም። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ነገር ተመልሶ እንደሚወርድ ለአጎትየው የነገረው የለም። ጃንሴት በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ሳለ ከግቢው «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ደረጃውን ወርዳ ስታይ የአባቷ መኪና የጣሪያ መስታወት ደቅቆ፣ እንደ በረዶ ጠጠር ወንበሩ ላይ ተበትኗል።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ወደ ቤቱ ዞራ «አባዬ!» ብላ መጣራት ነው። ከዚያ ነው ትዝ ያላት። አባቷ ሐጂ ጀውደት ከሞቱ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል።

ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያጣው ደስታውን የሚያካፍለው ብቻ አይደለም፤ የተሰበረበትን የሚያሳየውም ያጣል። ጃንሴት መኪናውን እየዞረች ብዙ ካየችው በኋላ ጀርመን ላለው ወንድሟ ደወለች።

«ሰው ተጎዳ?» አለ አንዞር።

«የለም።»

«በቃ ታዲያ፣ አሠሪውና ሽጪው። ለጉዞሽ እኮ የቀረው አሥራ ሰባት ቀን ነው። ልጆቹ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ነው።»

ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የክሊኒክ ላቦራቶሪ ሥራዋን ለቃለች፤ ቤቱን ለተከራይ አዘጋጅታለች፤ ጀርመን ሄዳ የወንድሟን ልጆች ልትይዝ ነው። ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። እሷም ራሷን አልጠየቀችም፤ ባዶ ቤት ውስጥ «አልፈልግም» ቢሉት ማን ይሰማል?

በማግስቱ መኪናውን በላስቲክ ሸፍና ባያደር ወደሚባለው የጋራዥ ሰፈር ወረደች። የመጀመሪያው መካኒክ አይቶ ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ መኪና እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል! ሰላም ልበለው እንዴ?» ሁለተኛው ራሱን ነቀነቀ። «የመስታወት ነገር ኢናል ጋ ነው፤ ከጎማ ቤቱ ቀጥሎ።»

ስሙን ስትሰማ ልትመለስ አሰበች። ግን መንገዱ ጠባብ ነበር፣ ከኋላዋም መኪና ጡሩምባ ይነፋል፤ ወደፊት ነዳች።

ኢናል የአንድ ፒክአፕ የፊት መስታወት እየገጠመ ነበር። ቀና ሲል ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት እንዳበቀለ አየች። እሱም አያት። እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ አጠፈው።

«ጃንሴት» አለ።

«አለህ እንዴ በሕይወት?»

«አንቺ ሳትፈቅጂልኝ የት አባቴ እሞታለሁ?»

እኛ ቼርከሶች፣ አያቶቻችን ከሩቅ ተራሮች ተሰደው በዓረብ አገር የሰፈሩት፣ በሰርግ ቤት የምንጫወተው ጨዋታ አለን፤ ቃሼን እንለዋለን። ወንዱ በሰው ሁሉ ፊት ልጅቷን «ልውሰድሽ» ይላታል፤ እሷ በቃላት ታባርረዋለች፤ ቀድሞ ፊቱ የቀላ ተሸነፈ። በጨዋታ የተባለ ነገር አያስቀይምም። ቁም ነገር ያለው ሰው ግን በራሱ አፍ አይናገርም፤ ሽማግሌ ይልካል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ ኢናል ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «ሐሙስ እመጣለሁ፤ ጓዝሽን ሸክፊ» አላት። እሷም «በምን ልትወስደኝ ነው፣ በመስታወት ጠቅልለህ? ስሰበርብህ በሲሊኮን ልታጣብቀኝ?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር፤ ያንን ያየችው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር፣ ፀጉሯን እየነካካች ወደ መስኮቱ ሄደች። አንድ ቀን የጋዝ ሻጩ ነው፤ አንድ ቀን ውሃ ቆጣሪ አንባቢው። ሽማግሌ አልመጣም። ጨዋታ ኖሯል፣ አለች በልቧ፤ ለማንም ሳትናገር ዋጠችው።

ኢናል መኪናው ውስጥ ገብቶ በተሰበረው ጣሪያ አንገቱን አወጣ። ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ።

«ይሄን ሁሉ ሲሊኮን የለጠፈበት ማነው?»

«አባዬ። ዝናብ እያስገባ አስመርሯቸው።»

«አይ ሐጂ! ይሄ ጣሪያ እኮ ጨርሶ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ አልተሠራም። ትንሽ ይገባል። አራቱ ማዕዘን ላይ ቀጫጭን ቱቦ አለ፤ የገባው በዚያ ወርዶ ጎማው ጋ ይፈሳል። ቱቦው በጥድ ቅጠል ተደፍኗል። እሳቸው ደግሞ ከላይ አሸጉት።»

«ስለዚህ ጥፋተኛው አባቴ ናቸው?»

«ጥፋተኛው ጥዱ ነው» አለ ኢናል ቶሎ ብሎ። «ሐጂን ነፍሳቸውን ይማር። አልሰማሁም መሰለሽ? ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ።»

ከኋላ እንደቆመ አላወቀችም ነበር።

ለዚያ ዕድሜ መኪና አዲስ መስታወት ከየትም አይመጣም፤ ዛርቃ ከተማ ሄዶ አሮጌ መኪና ከሚፈታበት ግቢ መፈለግ ነው። «ዕድል ካለሽ በሦስት ቀን» አላት። «ዕድል ከሌለሽ ደግሞ እኔን ታይኛለሽ።»

ዕድል አልነበራትም። በየሁለት ቀኑ በአውቶቡስ እየወረደች ትጠይቃለች።

«ተገኘ?»

«ተገኝቶ ነበር፤ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለው።»

«ዛሬስ?»

«በሁለት ጣት ጠበበ። እንደ አንዳንድ ሰው ልብ።»

«ልብ የሚለካው በአንተ ሜትር ከሆነ እኔ የለሁበትም።»

እሱ ሲሊኮኑን በስለት እየፋቀ፣ መስታወቱ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ፍርፋሪውን በቀጭን ብሩሽ እየለቀመ ያወራል። ቱቦዎቹን በዓሣ ማጥመጃ ክር ጠረጋቸው፤ በክሩ ጫፍ የጥቁር ጭቃ ቡሽ ሲወጣ ሕፃን እንደወለደ ሰው ከፍ አድርጎ አሳያት። እሷ ጎማ ላይ ተቀምጣ ትሰድበዋለች። አንድ ቀን ሃሊቫ የሚባለውን አይብ ያለበት ቂጣ ጠብሳ አመጣችለት። ቆሞ ነው የበላው።

«ለምን አትቀመጥም?»

«ለምጄ ነው። ለአንድ ሰው ማዕድ ማቅረብ ያሳፍራል፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ምድጃው ጋ ቆሜ ነው የምበላው።»

እሷም ማታ ማታ ወጥ ቤት ቆማ ነው የምትበላው። ይህን ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ጨዋታ ከፈረሰ ምን እንደሚተካው አላወቀችም።

«ለምን አላገባህም?» አለችው በምትኩ።

«የሚወስደኝ ጠፋ።»

ሳቁ። ቤቷ ስትመለስ ዕቃው በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ይጠብቃታል። በእነዚያ ቀናት ጋራዡ ውስጥ ካወራችው በቀር ድምጿ አይወጣም ነበር። ቀኖቹን ቆጠረች፤ አምስት ቀርተዋል። መስታወቱ ባይገኝ ደስ እንደሚላት ያን ጊዜ ለራሷ አመነች፤ ስታምን ደግሞ ፈራች።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ዘነበ። ኢናል ለቀትሩ የዙህር ሶላት ወጥቶ ነበር። የጎማ ቤቱ ባለቤት አቡ ረያን ከዝናቡ ሸሽቶ ገባና በላስቲክ የተሸፈነውን ጣሪያ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ? ይህን ዕድሜ ጠገብ መኪና ዝናብ የምታስመቱት መስታወት ጠፍቶ ነው? ከዛርቃ ከመጣ እኮ አሥር ቀኑ። ያውልሽ ብርድ ልብሱ ውስጥ!»

ጃንሴት ከመደርደሪያው ሥር የነበረውን ብርድ ልብስ ገለጠችው። መስታወቱ ሙሉ ነው። ስንጥቅ የለው፤ ጥበት የለው። ተወልውሎ ፊቷን ያሳያል።

ኢናል ፀጉሩ ርሶ ሲመለስ ብርድ ልብሱን በእጇ እንደያዘች ቆማ አገኛት። አቡ ረያን ሁኔታቸውን አየና «እኔ ዝናቡ ይሻለኛል» ብሎ ወጣ።

«ይሄ የማን መኪና ነው?»

«የአንቺ።»

ቀልድ ጠበቀች። አልመጣም።

«ስገጥመው ትሄጃለሽ» አለ ኢናል። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ዋሽቻለሁ።»

«ያን ጊዜስ? ሐሙስ እመጣለሁ ብለህ የት ቀረህ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አሳቅሽብኝ እኮ፣ ጃንሴት።»

«ታዲያ ምን ልበል? ጨዋታው እንደዚያ አይደለም እንዴ? እሺ ብልህ የሰፈር መሳቂያ አልሆንም? እኔ ስጠብቅ የነበረው ሽማግሌ ነው! ክረምቱን ሙሉ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር...» አልጨረሰችውም።

ኢናል ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

«ከልቧ ነው ያባረረችኝ አልኩ» አለ። «የሐጂ ጀውደት ልጅ ከመስታወት ሠራተኛ ምን ትሠራለች አልኩ። ሽማግሌ ልኬ አይሆንም ብትሉኝ ሁለተኛ እዚህ አገር ቀና ብዬ አልሄድም አልኩ።»

«ዘጠኝ ዓመት፣ ኢናል።»

«አውቃለሁ። አሁንስ ወደ ማን ልላክ? ሐጂ የሉም፤ አንዞር ባሕር ማዶ ነው። ሽማግሌ ባዶ ቤት ደጅ ይቆማል?»

ባዶ ቤት። ራሷ ለራሷ ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እንደ ጥፊ አረፈባት።

«ባዶ አይደለም» አለች። «እኔ አለሁበት።» ብርድ ልብሱን አጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «ግጠምልኝ። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት የመኪናው ገዢ ይመጣል።»

ገጠመው። ሁለቱም አልተናገሩም። ብሎኖቹን ጥቂት ላላ አድርጎ መስታወቱን በጣቱ እየለካ አስተካከለ፤ ፊተኛው ጠርዝ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ፣ ኋለኛው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ያፏጫል። ዙሪያውን የሚያሽገው ጎሚኒ የትም ቦታ እንዳልላላ በወረቀት ቁራጭ እየሰካና እየሳበ ፈተሸ። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው በቱቦዎቹ ወርዶ ጎማዎቹ ጋ ጠብ ጠብ አለ።

«አያፈስም» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ። የመጀመሪያውን ኩርባ እስክትዞር አላለቀሰችም።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ገዢው ቸኮለ ብላ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ወጣች። ደጅ የቆሙት ሐጂ ሸውከት ናቸው፤ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ጥቁሩን የበግ ለምድ ባርኔጣ አድርገዋል። ያን ባርኔጣ ለጉዳይ ካልሆነ አያደርጉትም።

«ሐጂ፣ ይግቡ። ግን... ቤት ውስጥ ወንድ የለም።»

«ወንድ ፍለጋ አልመጣሁም። የቤቱን ባለቤት ነው የምፈልገው።»

እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠራት አልነበረም። ዙሪያዋን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ተገናኝተናል።»

ከሁለት ወንበሮች ላይ አንሶላውን ገፈፈች። ከዚያ ለዓመታት እንደለመደችው ሄዳ በሩ ጥግ እጇን አጣምራ ቆመች፤ ሽማግሎች ሲነጋገሩ ሴት ልጅ የምትቆመው እዚያ ነው። ሐጂ ሸውከት አልተቀመጡም። ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ፤ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል።

«ይቀመጡ እንጂ ሐጂ!»

«የቤቱ ባለቤት ቆሞ እንግዳ ይቀመጣል? ያደግሁበት ደንብ አይደለም።»

መጥታ ከፊታቸው ተቀመጠች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ለማንኛውም አባት እንደሚናገሩት፣ ሳይቸኩሉ ጀመሩ።

«ከቤታችሁ አንዲት ልጅ አለች፤ ጃንሴት ትባላለች። ለልጃችን ለኢናል ልንጠይቃችሁ ተልከን መጥተናል። ሠርቶ የሚበላ ልጅ ነው። ሰው አያማም። አንድ ጊዜ ስለ መስታወት ዋሽቷል፤ እሱንም ሳትደብቁ ንገሩ ብሎናል።»

ጃንሴት ሳቋ መጣ፤ እንባዋም ቀደመው። ባለቤት ምን ብሎ እንደሚመልስ ታውቃለች፤ የአክስቶቿ ልጆች ሲጠየቁ አባቷ ሲመልሱ ስንት ጊዜ ሰምታለች። አስበንበት፣ ተመካክረን፣ ሳምንት ተመለሱ ይባላል። በአንድ ቀን የተሰጠች ልጅ ትረክሳለች።

«እኛ...» አለች። እኛ ማን ነን? ከማን ጋር ልትመካከር? ከወንበሮቹ ጋር? ሐጂ ሸውከት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠበቁ፤ አላገዟትም፤ አላጣደፏትም።

«ልጅቷ ትወደዋለች» አለች በመጨረሻ። «ቀጠሮ አያስፈልግም። ሰጥተናል።»

«አላህ ይባርክ» አሉ ሽማግሌው፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሊነሱ ሲሉ እጇን አነሳች።

«ሐጂ፣ አንድ ቃል ቀርቶኛል።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ጃንሴት ጀርባዋን አቀናች።

«ልጃችን ብቻዋን ብዙ ቆይታለች» አለች። «አደራ።»